በየወሩ የሚያድገው አዞ

ይህ የሆነው ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። አንዲት እናት ከሰው ሁሉ ደብቃ የያዘችውን፣ እንጀራዋም ሕይወቷም የተንጠለጠለበትን ምስጢር በገዛ እጄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለአገር ያሳየሁበት ጊዜ ስለሆነ አይረሳኝም። ክፉ ሰው አይደለሁም። አፌ ግን አያርፍም፤ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው። ወደ አርባ ምንጭ የመጣሁት ባለቤቴ በሥራ ሲዛወር ተከትዬው ነው። በዚያ ዓመት መምህራንን ሰብስበው የአንድ ሳምንት ሥልጠና ሰጡን። ነገሩ ከወዳደቁ የቤት ዕቃዎች ለሕፃናት የእጅ ሥራ ማሠራት ነበር። ከእንቁላል ካርቶን አባጨጓሬ፣ ከክብሪት ቀፎ አልጋና ወንበር፣ ከቆርኪ የመኪና ጎማ፣ ከሃይላንድ የአበባ መትከያ። አሠልጣኙ፣ "ይሄ ወጪ የለውም፤ ቆሻሻ የሌለበት ቤት የለም" አለን። አባባሉን ወደድኩትና የራሴ አድርጌ ይዤው ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቼን ሰብስቤ፣ "ከቤት ባዶ ዕቃ አምጡ፤ ለእማማ ንገሩ" አልኳቸው። በማግስቱ ክፍሌ ቆራሌው ያራገፈበት መሰለ። የሳሙና ካርቶን፣ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ የሶፍት ጥቅል፣ የቀለም ቆርቆሮ። አንዱማ የአባቱን አንድ እግር ጫማ ይዞ መጥቶ፣ አባቱ ሌላውን እግር አድርጎ እየተሳደበ ከኋላው ደረሰ። ስቄ ልሞት ነበር።

ባዶ እጇን የመጣችው ትግስት ብቻ ነበረች። አምስት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ሲጠሯት ቀሚሷን የምታፍተለትል ልጅ። እናቷ አየለች መናኸሪያው አጠገብ ኩርኩፋ ትሸጣለች። ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል ተደርጎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለውን ማለቴ ነው። ከደጋው ከኦቾሎ የወረደች ናት፤ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደንበኞቿ ተሸካሚዎችና የመኪና ረዳቶች ነበሩ። እኔም አንዳንዴ እበላ ነበር፤ እጇ ይጣፍጣል።

"ነገ አምጪ" አልኳት። በነጋታውም ባዶ እጇን መጣች።

"ረስተሽ ነው?"

"የለም" አለችኝ።

"ባዶ ጣሳ የላችሁም?"

"እሱ ኩባያችን ነው።"

"ጠርሙስስ?"

"ጋዝ አለበት።"

"እሺ ካርቶንስ?"

"እሱ ላይ ነው የምንተኛው።"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የማይጣል ዕቃ ብቻ ያለበት ቤት መኖሩን ያቺ ሕፃን ነገረችኝ፤ እኔ ግን አልሰማሁም። ልጆቹ ፊት አቁሜ፣ "ቆሻሻ የሌለበት ቤት የለም! ነገም ባዶ እጅሽን ብትመጪ ከጓደኞችሽ ጋር አትሠሪም" አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። ትግስት አላለቀሰችም፤ ቀሚሷን ብቻ ማፍተልተል ጀመረች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሁሉም ቀድማ መጥታ በር ላይ ጠበቀችኝ። በፌስታል የያዘችውን ዘረገፈችልኝ። ሰባት ነጫጭ የክኒን ብልቃጦች። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የታጠቡ፣ ላያቸው ላይ የነበረው ወረቀት ተፍቆ የተነሳ።

"የኔ ጎበዝ! ከየት አገኘሽ?"

"እማዬ ሰጠችኝ። እሷ ናት ያጠበችው።"

የምን ክኒን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ደስ ያለኝ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። የሌሎቹ ልጆች ዕቃ ዝብርቅርቅ ነበር፤ የትግስት ግን ከሱቅ የተገዛ ይመስል ነበር። በፊተኛው ወር ልጆቹን አዞ የሚረባበት ቦታ ወስደናቸው ስለነበር፣ "አዞ እንሥራ" አልኳት። ዓይኗ በራ።

ሚስማር በከሰል አግዬ የየብልቃጡን ቂጥ በሳሁላት። የዶርዜ ሸማኔዎች የጣሉትን የክር ቁርጥራጭ ገምደን ሰባቱን አያያዝናቸው። ዓይኑ ቆርኪ፣ ጥርሱ ከፕላስቲክ የተቆረጠ፣ መንጋጋው የፊተኛው ብልቃጥ ክዳን። አረንጓዴ ቀባነው። ትርፉን ክር እንደ ልማዴ በጥርሴ በጥሼ ጨረስኩ። ክሩ ሲሳብ አዞው ከወገቡ እየተጥመለመለ ይሄዳል። እንደዚያ ያማረ ሥራ በአሥር ዓመት የማስተማር ዘመኔ አይቼ አላውቅም።

ትግስት ወለሉ ላይ እየጎተተችው፣ "ቲቸር፣ የኔ አዞ ያድጋል" አለችኝ።

"እንዴት አድርጎ?"

"በየወሩ አንድ ይመጣላ! ጭራው ላይ እጨምርበታለሁ።"

ሳቅሁ። ልጆቹም ሳቁ። በየወሩ የሚመጣ ክኒን ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። በዚያን ጊዜ የዚያ የሚፈራው በሽታ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ ብዙም አልቆየም፤ ወሬው በየቤቱ ነበር። ግን ልቤ ያለው አዞው ላይ ነው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ክፍሉን አስጌጥን፤ የልጆቹን ሥራ በየሚስማሩ ሰቀልን። ከእያንዳንዱ ሥር በጥሩ ጽሕፈት የልጁን ስም ከነአባቱ ጽፌ ለጠፍኩ። የትግስትን አዞ በር ፊት ለፊት፣ ሁሉም ሰው ሲገባ መጀመሪያ በሚያየው ቦታ ሰቀልኩት። ቀለም ፕላስቲክ ላይ አይይዝም፤ ሲደርቅ እየተላጠ ነጩ ብልቃጥ መታየት ጀምሮ ነበር። ምን ቸገረኝ አልኩ።

እናቶች እየገቡ ያደንቃሉ። የተማሪዬ የናሆም እናት ግን አዞው ፊት ቆማ ቀረች። ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ነው የሚመጡት፤ ጨዋ ሴት ናት። እጇን ዘርግታ የአዞውን መንጋጋ፣ ክዳኑን ማለት ነው፣ ጫን አድርጋ አዞረችው።

"ይሄን ማን ነው ያመጣው?" አለችኝ።

እኔ ሞኟ ደረቴን ነፋሁ። "ትግስት ናታ! የአየለች ልጅ፣ መናኸሪያ ጋ ኩርኩፋ የምትሸጠዋ። ብልቃጡን ራሷ አየለች ናት አጥባ የላከችላት፤ እንደሷ ያለች እናት የት ይገኛል!"

ስሟንም ሥራዋንም ቦታዋንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

የናሆም እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "እኅቴ፣ ይሄ የዚያ በሽታ መድኃኒት ብልቃጥ ነው። ወንድሜን ሳስታምም በየወሩ ሆስፒታል እየሄድኩ ያመጣሁለት ይሄንኑ ነው። ክዳኑ ሲጫኑት ነው የሚዞረው።" ይህን ብላ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ናሆምን ከልጆች መሀል ጎትታ ወጣች። በር ላይ ሁለት እናቶችን አቁማ ስታነጋግር አየኋት።

አሁን የምናገረውን እስከ ዛሬ ለባለቤቴም አልነገርኩም።

በሽታው ብልቃጥ በመንካት እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ቢሯችን ግድግዳ ላይ ስለ ኤች አይ ቪ ይህንኑ የሚናገር ፖስተር ነበር፤ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ግን ክሩን በጥርሴ መበጠሴ ትዝ አለኝ። ሮጬ ግቢ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄድኩ። የጽዳት ሠራተኛዋን በረኪና አንስቼ እጄን እስኪላጥ አሸሁት። አፌን ተጉመጠመጥኩ፤ ምላሴን በጣቴ ፋቅሁት። ቀና ስል ትግስት አጠገቤ ቆማለች። በዓል ነው ብላ እናቷ ነጭ ካልሲ አድርጋላት ነበር።

"ቲቸር፣ አዞዬ ቆሻሻ ነው እንዴ?" አለችኝ።

አልፌያት ወደ ክፍል ገባሁና አዞውን ከሚስማሩ አውርጄ በፌስታል ጠቀለልኩት። ለዘበኛችን ለጋሽ ሻንቆ ሰጠሁትና፣ "አሁኑኑ አቃጥለው" አልኩት። ጋሽ ሻንቆ ሽማግሌ ነው፤ አፉን የፈታው በጋሞኛ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" ነው የሚለው። ፌስታሉን ከፍቶ አየና፣ "ቲቸር፣ እሱ ልጅ እያየ ነው እኮ። ምን አጠፋ?" አለኝ። "የታዘዝከውን አድርግ" ብዬው ሄድኩ። በአባቴ ዕድሜ ያለውን ሰው!

አየለች የመጣችው ዝግጅቱ ሊያበቃ ሲል ነው፤ የምሳ ሰዓት ደንበኞቿን ጨርሳ። ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን አበጣጥራ፣ እየሳቀች ገባች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሲፈልግ አየሁት። በር ፊት ለፊት ባዶ ሚስማር አለ፤ ከሥሩ የትግስት ስም ከነአባቷ ተጽፎ ተለጥፏል። ስሙን ማንሳት ረስቼ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሦስት አራት እናቶች ዞር አሉ፤ አንዷ ልጇን ወደ ጉያዋ አስጠጋች። አየለች ሚስማሩን አየች፣ እነሱን አየች፣ እኔን አየች። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ወሬ እግር አያጣም። በሁለት ቀን ውስጥ ሲቀላን አዳረሰ። ያ ከዓመት ዓመት ሰው የማይጠፋው የኩርኩፋ ቦታ ጭር አለ። ተሸካሚዎቹ ትንሽ ራቅ ብላ ወደምትሸጥ ሌላ ሴት ሄዱ። አየለች በየቀኑ ድስቷን ይዛ ትመጣለች፤ ሞልቶ እንደመጣ ይመለሳል። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ጋሽ ሻንቆን አየሁት። እሷ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ብቻውን ኩርኩፋ ይበላል። አላመጠ፣ ዋጠ፣ ሳህኑን ዘርግቶ አስጨመረ። አጠገቡ ሌላ ድንጋይ ነበር። "ቲቸርዋ በላች" ቢባል ስንቱ ይመለስ ነበር፤ ያን አውቃለሁ። እኔ ግን መንገዱን ተሻግሬ በማዶ በኩል አለፍኩ።

ትምህርት ሲዘጋ አየለች የትግስትን ካርድ ልትወስድ መጣች። ከስታ ነበር። ቢሮ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

"ቲቸር" አለችኝ፣ "ልጄ ያን ቀን ባዶ እጇን መጣች ብለሽ ተቆጥተሻት ስታለቅስ ነው ያደረችው። ቤቴ ውስጥ የተረፈ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር። ወረቀቱን በጥፍሬ ፋቅሁት፤ በአመድ አጠብኩት። ወረቀት ከሌለው ማን ያውቀዋል ብዬ ነው።"

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረግሁላት።

"ሌላው ይቅር። ስሜን ማን ነው የተናገረው? ብልቃጡስ ይታወቅ፤ ልጅ ከሜዳም ልታነሳው ትችላለች፤ የኔ መሆኑን ማን ተናገረ?"

ያ የማያርፈው አፌ የዚያን ቀን ተዘጋ። "እኔ እንጃ" አልኳት። ቆማ አየችኝ። ከዚያ ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው ያስተማርሻት" ብላኝ ሄደች። በሳምንቱ ወደ ወላጆቿ አገር ወደ ኦቾሎ መውጣቷን ሰማሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ቀለል አለኝ። መናኸሪያው ጋ ሳልፍ ከእንግዲህ መንገድ አልሻገርም ብዬ።

ስምንት ዓመት አለፈ። ጋሽ ሻንቆ ጡረታ ወጥቶ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ድንች ልገዛ ጎንበስ እንዳልኩ፣ ከሻጯ አጠገብ የተቀመጠች ረዘም ያለች ልጅ፣ "ቲቸር፣ አወቁኝ?" አለችኝ። የቀሚሷን ጫፍ ስታፍተለትል ነው ያወቅኋት።

"ትግስት! እናትሽስ?"

"ሞተች። አንደኛ ክፍል ሳልጨርስ።" ድንች የምትሸጠዋ አክስቷ ናት፤ እሷም አንገቷን ነቀነቀች። "ከኦቾሎ ወርዳ ሆስፒታል እንድትሄድ ብንለምናት እምቢ አለች" አለችኝ አክስቷ። "እዚያ በር ላይ ስሰለፍ የሲቀላ ሰው ደግሞ ያየኛል አለች። አንዴ የሞትኩት ይበቃኛል አለች።"

መቀመጫ እንኳ አልፈለግሁም፤ መሬት ላይ ድንቹ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሰው እየረገጠኝ ያልፋል። "ስሟን የተናገርኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ስትጠይቀኝ ዋሸኋት። እኔ ነኝ።"

ትግስት ብዙ አላሰበችም። "እማዬ ታውቅ ነበር" አለችኝ። "ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ ትለኝ ነበር። ግን ቲቸርሽን እንዳትጠዪ፤ አዞውን አብራሽ የሠራችው እሷ ናት አለችኝ።"

"አዞው! አዞውንማ አቃጥዬው..." ብዬ ሳልጨርስ፣

"አለ እኮ" አለች። "ጋሽ ሻንቆ የዚያኑ ቀን ማታ ቤታችን ድረስ አመጣልኝ። እስከ አሁን ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል።" ደግሞም፣ "ኦቾሎ እንደወጣን ስምንተኛውን ጨምሬበት ነበር። ከዚያ በኋላ ብልቃጥ አልመጣም። ስምንት እንደሆነ ቀረ" አለችኝ።

ስለ ራሷ ጤንነት ልጠይቃት አሰብኩና አፌን ያዝኩ። በሰው ፊት የማይጠየቅ ነገር መኖሩን ያወቅሁት ያን ያህል ዘግይቼ ነው። ይቅር በይኝ አልኳት። "ምንም አይደል ቲቸር" አለችኝ፤ ቀጥሎ የቆመውን ገዢ ልታስተናግድ ዞረች። ምንም አይደል! ብትሰድበኝ፣ ድንቹን ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር።

የናሆምን እናት አንዳንዴ መንገድ ላይ አገኛታለሁ። ሰላም እንባባላለን። እሷንም አልወቅስም፤ እሷ የነገረችኝ በሹክሹክታ ነው፣ እኔ ግን ጮክ ብዬ ነበር ያወራሁት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አበው፤ እኔ የተናገርኩት ኦቾሎ ድረስ ወጥቶ ሰው ገደለ።

ዛሬም ሕፃናት አስተምራለሁ፤ የእጅ ሥራም እናሠራለን። ካርቶኑን፣ ቆርኪውን፣ ጣሳውን ግን ከየሱቁ በራፍ እየዞርኩ የምለቅመው እኔው ነኝ። ጎረቤቶቼ ቆራሌዋ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። "ከቤታችሁ አምጡ" የሚል ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹ አዞ እንሥራ ሲሉኝም እሺ እላለሁ፤ ክሩን ግን አንደኛዋ ረዳቴ ታስራለች፤ እኔ እወጣና እስኪጨርሱ ቧንቧው ጋ እቆማለሁ።